ስለ ኢንፍሉዌንዛ በሽታ፥ የየአገሩም ሊቃውንት ተባብረው እንዴት እንደሚጠባበቁት

ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው በሽታ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ብለው የሰየሙት እርሱ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ በየቤቱ ሁሉም ተኝቶ አስታማሚ ጠፋ፤ የሞተውን የሚቀብር ሰው እስኪታጣ ድረስም ብዙ ሕዝብ አለቀ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ተፈሪ መኮንን እንኳ በብርቱ ታመው ነበር። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የግቢውና የመንደሩ ጥራጊ ተሰብስቦ በየደጁ የሚቃጠልበት፥ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ፥ የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ቈይቷል። ጢሱ በሽታውን አላባረረውም። ነገር ግን ጥራጊ ማቃጠል በራሱ ደግ ሥራ ስለ ሆነ ልማዱን የሚነቅፍ ሰው አስተዋይ አይባልም።

መከራው የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። (በዚህ ጽሕፈት ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተጨመረበት ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር የተነገረ ነው።) በ1918 በሽታው ዓለሙን ሁሉ ዞረ። ከዓለም ሕዝብ ከሦስቱ አንዱ እንደ ተያዘና 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንት ይገምታሉ፤ ይኸውም በዚያው ዘመን በነበረው በታላቁ ጦርነት በጥይትና በመድፍ ከወደቀው ወታደር ቍጥር ይበልጣል። ጦርነት ላይ የነበሩት መንግሥታት ጠላት ድካማችንን እንዳይሰማ ብለው የበሽታውን ወሬ ከጋዜጣ ከለከሉ። የእስፓኝ መንግሥት ግን ከጦርነቱ ውጭ ስለ ነበረ ጋዜጦቹ ያዩትን ሁሉ ጻፉ። ከዚህ የተነሣ ዓለም በሽታውን «የእስፓኝ በሽታ» ብሎ ጠራው። እውነቱን የተናገረችው አገር ስሟ ጠፋ፥ የደበቁት ግን ስማቸው ተረፈ። አንባቢው ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ የምንመለስበት ነውና።

በዚያ ዘመን የበሽታውን ምክንያት የአውሮጳ ሐኪሞችም አላወቁትም ነበር። ሪቻርድ ፋይፈር የተባለ የጀርመን ሊቅ በ1892 ከበሽተኞች አክታ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ «የኢንፍሉዌንዛ ምንጭ ይህ ነው» ብሎ ስለ ነበረ፥ ብዙዎች የእርሱን ፈለግ ተከትለው ሲመረምሩ ዘመን አለፈ። እውነተኛው ምክንያት ግን ከባክቴሪያ እጅግ የሚያንስ ቫይረስ የሚባል ነገር ነው። ከዚህ ቫይረስ አሥር ሺህ በተርታ ቢደረደር ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ ሊታይ አይችልም።

በ1933 በሎንዶን ዊልሰን ስሚዝ፥ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌይድሎ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት የታመመ ሰው ጉሮሮ የታጠበበትን ውኃ ወሰዱ። ባክቴሪያ በማያሳልፍ እጅግ ጠባብ ማጥለያ አጥልለው፥ ሙጭልጭላ የሚመስል ፌሬት የተባለ ትንሽ አውሬ አፍንጫ ውስጥ ጨመሩት። አውሬውም እንደ ሰው አነጠሰ፥ ትኩሳትም ያዘው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያው ቤተ ሙከራ አንድ የታመመ ፌሬት በአንድ ወጣት ሐኪም ፊት ላይ አነጠሰበትና ሐኪሙ ታመመ፤ ከሐኪሙም ጉሮሮ ቫይረሱ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ነገር እንመልከት። ፈንጣጣን የመሰለ ብርቱ በሽታ በክትባት ድል ሆኖ ከምድር ሲጠፋ፥ ኢንፍሉዌንዛ ስለ ምን አልጠፋም?

ቫይረስ ለብቻው ሊራባ አይችልም። በሰው ጉሮሮና ሳንባ ወዳሉት ሕዋሳት ይገባና ሕዋሱን እንደ ቁም ጸሓፊ አስገድዶ የራሱን መጽሐፍ ያስገለብጠዋል። የኢንፍሉዌንዛ መጽሐፍ ፊደሉ አራት ዓይነት ብቻ ነው፤ ሙሉው ንባብ 13,500 ፊደል ያህል ይሆናል። ቁም ጸሓፊ ዳዊት ሲገለብጥ ምንም ቢጠነቀቅ አንዳንድ ጊዜ ፊደል ይዘላል፥ ሀ በሚገባበትም ሐ ያገባል፤ ኋላ ግን መምህሩ ከዋናው ጋር አስተያይቶ ያርመዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አራሚ የለውም። የተሳሳተው ግልባጭ ሳይታረም ይወጣል፥ ከእርሱም ሌላ ይገለበጣል፥ ስሕተትም በስሕተት ላይ ይጨመራል። ብዙው ግልባጭ ንባቡ ተበላሽቶ ዋጋ ቢስ ሆኖ ይቀራል። አንዳንዱ ግን በስሕተቱ ይጠቀማል።

እንዴት ይጠቀማል ቢሉ፥ ሰውነታችን አንድ ጊዜ የታገለውን ቫይረስ በመልኩ ያውቀዋል። የሚያውቀውም በላዩ እንደ እሾህ በቆሙት በሁለት ነገሮች ነው፤ ሄማግሉቲኒንና ኒውራሚኒዴስ ይባላሉ። ሊቃውንት በአጭሩ ኤችና ኤን ይሏቸዋል፤ ጋዜጣ ላይ ኤች1 ኤን1 ወይም ኤች5 ኤን1 ተብሎ የሚነበበው ይህ ነው። ቫይረሱ ሁለተኛ ሲመጣ በደማችን ያሉት ጠባቂዎች ያንን መልክ አይተው ይይዙታል። በመገልበጥ ስሕተት የእሾሁ መልክ በጥቂቱ የተለወጠ ቫይረስ ሲመጣ ግን ጠባቂው «ይህን ሰው አላውቀውም» እንደሚል ዘበኛ ሆኖ ያሳልፈዋል። አንድ ሰው ዓምና ታሞ ድኖ ዘንድሮ ደግሞ የሚታመምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህም የከፋ ሌላ መንገድ አለ። የኢንፍሉዌንዛ መጽሐፍ በአንድ የተጠረዘ ሳይሆን በስምንት ጥራዝ የተከፈለ ነው። የሰውና የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በአንድ ጊዜ አንድ አሳማ ቢይዙ፥ ጠራዡ የሁለት መጻሕፍትን ጥራዞች አቀላቅሎ አንድ አድርጎ እንደሚሰፋ፥ ከሁለቱ የተውጣጣ አዲስ ቫይረስ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቫይረስ በዓለም ያለ ሰው ሁሉ፥ ሕፃንም ሽማግሌም፥ ከቶ አያውቀውም። በ1957ና በ1968 ዓለምን የዞሩት ሁለት ታላላቅ ወረርሽኞች ከወፍ ቫይረስ ጥራዝ በመቀበል የተወለዱ ነበሩ።

ፈንጣጣ እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበረውም። መልኩ ብዙ ስለማይለዋወጥ ክትባቱ ለብዙ ዓመት ይረዳ ነበር፤ በሽታው የሚኖረውም በሰው ላይ ብቻ ነበር። ስለዚህ በኢትዮጵያ በ1976፥ በሶማሊያ ደግሞ በ1977 የመጨረሻው በሽተኛ ተገኝቶ፥ በ1980 ከዓለም እንደ ጠፋ ታወጀ። ኢንፍሉዌንዛ ግን በዱር ዳክዬና በልዩ ልዩ የውኃ ወፎች አንጀት ውስጥ ይኖራል። ዳክዬን ሁሉ የሚከትብ ማን ነው?

የመጀመሪያው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቫይረሱን በዶሮ ዕንቍላል ውስጥ በማሳደግ ተሠርቶ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች ተሰጠ። ጥሩ ሆኖ ስለ ተገኘ ሁሉም ደስ አለው። በ1947 ግን ያው ክትባት ምንም ሳይረዳ ቀረ፤ ቫይረሱ መልኩን ለውጦ ነበርና። በዚህ ጊዜ ሊቃውንቱ ገባቸው። አንድ አገር ብቻውን ምንም ቢበለጽግ ይህን በሽታ ሊጠብቅ አይችልም፤ የሚመጣው ቫይረስ ዛሬ በሌላ አገር ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነውና። ስለዚህ በሎንዶን የዓለም የኢንፍሉዌንዛ ማዕከል ተቋቋመ፤ በ1952ም የዓለም የጤና ድርጅት የየአገሩን ቤተ ሙከራዎች በአንድ ማኅበር አያይዞ አንዱ ያገኘውን ለሌላው እንዲያሳውቅ አደረገ።

ይህ ማኅበር ዛሬም ይሠራል። ከ120 በሚበልጡ አገሮች ያሉ ከ140 የማያንሱ ቤተ ሙከራዎች ይገኙበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ በተመረጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ትኩሳትና ሳል ይዞት ከመጣ በሽተኛ አፍንጫና ጉሮሮ፥ በቀጭን እንጨት ጫፍ በተጠመጠመ ጥጥ መሳይ ነገር ናሙና ይወሰዳል። ናሙናውም በብርድ ተጠብቆ ወደ አገሩ ቤተ ሙከራ ይላካል፤ ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ከተገኘና መልኩ የተለየ ከመሰለ እንደ ሎንዶን፥ ሜልበርን፥ ቶኪዮና ቤይጂንግ ወዳሉት ታላላቅ ማዕከሎች ይሄዳል። በዚያም ፊደሉ ተነብቦ ከቀድሞው ጋር ይተያያል። በዓመት ሁለት ጊዜ ሊቃውንቱ ተሰብስበው ለሚመጣው የብርድ ወራት ክትባቱ ከየትኞቹ ቫይረሶች እንዲሠራ ይመክራሉ፤ ስለ ሰሜኑ የዓለም ክፍል በየካቲት፥ ስለ ደቡቡ በመስከረም።

ስድስት ወር ያህል አስቀድመው የሚመርጡት በዕንቍላል የሚሠራው ክትባት ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ይህን ያህል ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። እንግዲህ ሥራቸው ዝናም ከመምጣቱ በፊት ዘር እንደሚመርጥ ገበሬ ሥራ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ይስታሉ። በደኅና የገጠመ ክትባት እንኳ ለሐኪም ከሚያደርስ ሕመም የሚጠብቀው ከመቶው ከ40 እስከ 60 ያህሉን ነው። ይህ ጥቂት ነው የሚል ቢኖር፥ ኢንፍሉዌንዛ በደኅናው ዓመት እንኳ በዓለም ላይ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርስ ሰው እንደሚገድል ያስብ።

ማኅበሩ ከተመሠረተ አምስት ዓመት ቈይቶ ፈተና መጣ። በ1957 መጀመሪያ በቻይና አገር አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ተነሣ። ነገር ግን የቻይና መንግሥት በዚያን ጊዜ ከዓለም የጤና ድርጅት ማኅበር ውጭ ስለ ነበረ ወሬው ለሌላው አልደረሰም። በሚያዝያ ወር በሽታው ሆንግ ኮንግ ገብቶ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ካስተኛ በኋላ፥ ሞሪስ ሂለማን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነገሩን በጋዜጣ አነበበና ናሙና አስልኮ መረመረ፤ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ አገኘው። ወዲያው ለክትባት ሠሪዎች «ዕንቍላል እንዳይጐድል አውራ ዶሮዎቻችሁን አትረዱ» ብሎ አሳሰበ። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ 40 ሚሊዮን ያህል ክትባት ተዘጋጀ። ቢሆንም በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ። ወሬው ሁለት ወር ቀድሞ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ክትባቱም በዚያው ልክ ይቀድም ነበር።

ከዚህ ጋር የሚተያየው የ1997 ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በግንቦት ወር በሆንግ ኮንግ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ታሞ ሞተ። የአገሩ ሊቃውንት ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን ቢያውቁም ዓይነቱን መለየት ስላቃታቸው ናሙናውን ወደ አሜሪካ፥ ወደ እንግሊዝና ወደ ሆላንድ ላኩት። በነሐሴ ወር ኤች5 ኤን1 የሚባል የዶሮ በሽታ እንደ ሆነ ታወቀ፤ ይህ ዓይነት ሰው እንደሚይዝ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 18 ሰዎች ተይዘው ስድስቱ ሞቱ። በዚህ ጊዜ የከተማው ሹማምንት ጨከኑና በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ዶሮና ሌላ የቤት ወፍ አስገደሉ። ነጋዴው አለቀሰ፥ ገበያው ባዶ ሆነ፤ በሰው ላይ ግን አዲስ በሽተኛ መታየቱ አቆመ። ቫይረሱ ግን ከዱር ወፎችና ከሌላ አገር ዶሮዎች አልጠፋምና ከ2003 በኋላ ተመልሶ ብዙ አገር አዳረሰ። መያዛቸው ከታወቀው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በ2024 ደግሞ በአሜሪካ በወተት ላሞች ላይ ተገኘ፤ ይህን አስቀድሞ የጠረጠረ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር።

አሁን የተባባሪነቱን ሥራ ሊያፈርስ ስለ ነበረው ጠብ መናገር ይገባል። የኢንዶኔዥያ ሰዎች በዚሁ በሽታ ከሌላው ይልቅ ብዙ ይሞቱ ነበር፤ አገሩም የበሽተኞቹን ናሙና ለማኅበሩ በነጻ ይልክ ነበር። ኋላ ግን ከዚያ ናሙና የውጭ አገር ኩባንያ ክትባት እንደሚሠራ፥ ያም ክትባት በውድ ዋጋ እንደሚሸጥና ለኢንዶኔዥያ ድሆች እንደማይደርስ ተሰማ። የጤና ሚኒስትሯ ሲቲ ፋዲላ ሱፓሪ በ2007 «እንግዲያስ ናሙና አንሰጥም» አሉ። ብዙ ሰው በዓለም ላይ ሞት ሊያመጡ ነው ብሎ ነቀፋቸው። በእኛ አስተያየት ናሙናውን መከልከላቸው ለሁሉ የሚያሰጋ ነገር ነበር፤ ቅሬታቸው ግን ቅን ነበር። በሬውን ያዋሰ ጎረቤት ከእህሉ አትቀምስም ቢባል በሚመጣው ዓመት በሬውን ያውሳልን? አራት ዓመት ተከራክረው በ2011 መንግሥታቱ አንድ ስምምነት አጸደቁ፤ ናሙና የሚሰጡ አገሮች ሳያቋርጡ እንዲሰጡ፥ ከናሙናው የሚጠቀሙ ታላላቅ ክትባት ሠሪዎችም በየዓመቱ ገንዘብ እንዲያዋጡና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ከሚሠሩት ክትባት አንዱን ክፍል ለዓለም የጤና ድርጅት እንዲለቁ። በ2013 ኤች7 ኤን9 የተባለ ሌላ የወፍ ኢንፍሉዌንዛ በቻይና ሰዎችን በያዘ ጊዜ የአገሩ ሊቃውንት የቫይረሱን ንባብ ወዲያው ለዓለም ገለጡት። ከ1957 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ኮቪድ በተነሣ ጊዜም በ2020 መባቻ አንድ የቻይና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ያነበበው የቫይረስ ንባብ ለሁሉ ስለ ተገለጠ፥ በሌላ አገር ያሉ ሊቃውንት ቫይረሱን በእጃቸው ሳይዙ ክትባት መንደፍ ጀመሩ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ሕዝብ መከተብ ተጀመረ። በብዙ አገር ኮቪድን ለመመርመር የበቁት አስቀድሞ ለኢንፍሉዌንዛ የተዘጋጁት ቤተ ሙከራዎችና ባለሙያዎች ናቸው። ነገር ግን ክትባቱ በተከፋፈለ ጊዜ ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ገዝተው የአፍሪካ አገሮች ለብዙ ወር ጠበቁ፤ የ2007ቱ ክርክር በዚህ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወራት አንድ የሚያስደንቅ ነገርም ተገኝቷል። ሰዎች በቤታቸው በተዘጉበት፥ አፍና አፍንጫም በተሸፈነበት ጊዜ፥ ቢ ያማጋታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወገን ከመጋቢት 2020 በኋላ በዓለም ላይ አልታየም፤ በዚህ ምክንያት ከክትባቱ እንዲወጣ ተመከረ። መጥፋቱን ሊያውቁ የቻሉትም ከብዙ አገር የሚሰበሰበው ናሙና ሳይቋረጥ ስለ ተመረመረ ነው።

የማኅበሩ ሥራ ግን ጽኑ መሠረት አለው ማለት አይቻልም። በ2025 የአሜሪካ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት እንደሚወጣ አስታወቀ፤ በአትላንታ ያለው የዚያ አገር ቤተ ሙከራ ግን ለብዙ ዓሥር ዓመታት ከማኅበሩ ምሰሶዎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የቀሩት መንግሥታት በጄኔቭ ስለ ወረርሽኝ አዲስ ስምምነት አጸደቁ፤ ከሁሉ የሚያከራክረውን፥ ማለት ናሙና የሰጠ አገር ምን ያገኛል የሚለውን ክፍል ግን ለሌላ ጊዜ አሳደሩት።

የኢትዮጵያም ድርሻ አለ። ከ2008 ጀምሮ በተመረጡ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የኢንፍሉዌንዛ ናሙና እየተሰበሰበ በአዲስ አበባ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይመረመራል። በአውሮጳና በእስያ ብርድ ሲገባ እጅግ ብዙ የውኃ ወፎች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይመጣሉ፤ በሐይቁ ዳር ዶሮ የሚያረባ ገበሬ ይህን ማወቅ ይገባዋል። ወፎቹን ማሳደድ ግን አያስፈልግም፤ ዶሮዎቹን ከእነርሱ ለይቶ መዝጋት ይበቃል።

በአዲስ አበባ ያለው ቤተ ሙከራ በየመንደሩ የሚሆነውን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ መምህሩ ወይም ትልልቆቹ ተማሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከልማድ በላይ ብዙ ልጆች በትኩሳትና በሳል ሲቀሩ ባዩ ጊዜ፥ በቀበሌው ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ያስታውቁ። የታመሙትን ቍጥር፥ ዕድሜአቸውን፥ የመጀመሪያው የታመመበትን ቀን፥ በቤታቸውም ዶሮ ሞቶ እንደ ሆነ ጽፈው ይስጧት። በመንደሩ ብዙ ዶሮ ባንድ ጊዜ ቢያልቅ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ የሞተው ዶሮ አይበላ፥ አይሸጥ፥ ወደ ወንዝም አይጣል። ሐኪሙ እስኪመጣ ማንም በባዶ እጅ አይንካው፤ ልጆችም ከዚያ ይራቁ።